የሙዝ ካቻፕና የፍልሰታ ጾም

ነሐሴ ለፎገራ ሰው የጉዞ ወር አይደለም። ሜዳው ውኃ ጠግቦ፣ ሩዙ አረም የሚጠይቅበት ጊዜ ነው። የሥልጠናው ደብዳቤ ግን ይህን አላወቀም፤ እኔንና መሰሎቼን ሰብስቦ ፊሊፒንስ፣ ሎስ ባኞስ ላከን። ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ያለው እዚያ ነው። እዚያም ክረምት ነበር። የእኛን ዝናብ ጃንጥላ ይመክተዋል፤ የእነሱ ጃንጥላውን ከነባለቤቱ ይዞ ይሄዳል።

አንድ ቀን መምህራችን ሩዝ ሲፈተግ ምን እንደሚያጣ አስረዱን። ነጭ ይሁን ተብሎ የሚራገፈው ፉርሽካ ቫይታሚን ቢ1 አለበት። እሱን ያጣ ሰው ቤሪቤሪ ይይዘዋል፤ እግሩ ይዝላል፣ ልቡ ይደክማል። እኛ ፎገራ ላይ ፉርሽካውን ለከብት እንሰጣለን። ከብቶቻችን ቤሪቤሪ ይዟቸው አያውቅም። ማሪያ ኦሮሳ የተባሉ ፊሊፒናዊት የምግብ ኬሚስት ግን ያንኑ ፉርሽካ ብስኩት አድርገው ለሰው አበሉት።

እኚህ ሴት ሲያትል ከተማ በዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አላስካ ድረስ እየሄዱ በዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። በ1922 እ.ኤ.አ. አገራቸው ተመለሱ። ነጭ ጋዋን ለብሰው ላቦራቶሪ ውስጥ ቢቀመጡ ማንም አይወቅሳቸውም። እሳቸው ግን በየገጠሩ እየዞሩ ሴቶችን ምግብ ሳይበላሽ እንዴት እንደሚቆይ ያስተምሩ ጀመር። መብራት ላልገባበት ቤት ከሸክላ ድስት መጋገሪያ ሠሩ። ቲማቲም እንደ ልብ በማይገኝበት፣ ሙዝ ግን በየጓሮው በሚረግፍበት አገር ካቻፕን ከሙዝ አወጡት። ጦርነት ሲመጣ የሽምቅ ተዋጊዎች ሻምበል ሆኑ፤ የአኩሪ አተር ዱቄታቸው ጃፓኖች ሳንቶ ቶማስ በተባለ ካምፕ ላሰሯቸው ሰዎች በድብቅ ይገባ ነበር። የካቲት 1945 ማኒላ በከባድ መሣሪያ ስትታረስ ተገደሉ።

ይህን ከሰማሁ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። ማኒላ ውስጥ በስማቸው የተሰየመ ጎዳና እንዳለ ሲነገረኝማ፣ እሑድ ጓደኞቼ ወደ ገበያ አዳራሽ ሲያመሩ እኔ ብቻዬን ጎዳናውን ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁት የታክሲ ሹፌር ስሙን ስጠራለት ሳያመነታ ነዳው። «ሴትዮዋንስ ታውቃቸዋለህ?» አልኩት። አያውቅም። ነገር ግን ስለ ሳይንቲስት መጠየቄ ደስ አሰኝቶት «አጋፒቶ ፍሎሬስ!» አለ፤ ያንን ረጅም ነጭ የፍሎረሰንት አምፖል የፈጠረው የእኛ ሰው ነው፣ ለዚህም ነው በስሙ የተጠራው። መሪውን ትቶ በሁለት እጁ የአምፖሉን ርዝመት አሳየኝ። ታሪኩ ውሸት ነው፤ የአገሩ የሳይንስ ሰዎች ራሳቸው ማስረጃ የለውም ብለው ውድቅ አድርገውታል። መሪውን እንዲይዝልኝ ስለፈለግሁ አልተከራከርኩም።

ጎዳናው ላይ አወረደኝ። ለካ ኤርሚታ በተባለ ሰፈር ውስጥ ያለ ደንበኛ መንገድ ነው፤ ሱቅ፣ ሆቴል፣ ሽቦ። ሐውልት ወይም ጽሑፍ ይኖራል ብዬ ወዲያና ወዲህ አልኩ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ የመንግሥት ሕንፃ በር ላይ የቆመ ጥበቃ ጠየቅሁ።

«ማሪያ ኦሮሳን ፈልጌ ነበር።»

«ቀጠሮ አለዎት፣ ጌታዬ?»

«የሉም፤ ሞተዋል።»

ጥበቃው ባርኔጣውን አውልቆ አዘነልኝ፤ ከዚያ እሑድ ቢሮ ዝግ ስለሆነ የወራሽነት ጉዳይ ከሆነ ሰኞ እንድመለስ መከረኝ።

የመቃብራቸው ድንጋይ በ2020 እዚያው አቅራቢያ፣ ማላቴ በሚገኝ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ግቢ መገኘቱን ስለማውቅ ወደዚያ አዘገምኩ። ያኔ ሰማዩ ተቀደደ። መንገዱ ወንዝ ሆነ፤ አንዱ ጫማዬ ተነሥቶ ሄደ። እንደ ግራዋ ቅጠል ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ስቆም ውኃው ዓይኔ ገብቶ አቃጠለኝ፤ ከዓይኔ ጋር ሌላ ነገር ትዝ አለኝ።

እኛ ቀበሌ የትራኮማ ክኒን ሲታደል፣ ቁመታችንን በዱላ ለክተው ነው ስንት ፍሬ እንደምንውጥ የሚወስኑት። እናቴ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍቷን በወረንጦ ስትነቅል ነው ያደግሁት። ያ ክኒን፣ አዚትሮማይሲን፣ በዛግሬብ ኬሚስቶች ከኤሪትሮማይሲን የተሠራ ነው። ኤሪትሮማይሲን ደግሞ የተገኘው በ1949 አቤላርዶ አጊላር የተባሉ ፊሊፒናዊ ሐኪም ከኢሎኢሎ አፈር ዘግነው ኢላይ ሊሊ ለተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ኩባንያ ከላኩት ናሙና ነው። ኩባንያው በ1952 ሲሸጠው በኢሎኢሎ ስም ኢሎታይሲን አለው። ከተማዋ ስም አገኘች፤ ሐኪሙ ከሽያጩ ድርሻ ሳያገኙ ሞቱ። የደቡብ ጎንደር ገበሬ የኢሎኢሎን አፈር ልጅ ልጅ ውጦ ዓይኑን አተረፈ፤ ሹፌሩ ግን የሚኮራው በአምፖል ነው። እዚያው ጎርፍ ውስጥ ቆሜ ተናደድኩ።

«ኩያ! ኩያ!» የሚል ድምፅ መጣ። ታላቅ ወንድም ማለታቸው ነው። አንዲት አሮጊት ከትንሽ ምግብ ቤታቸው በር ላይ ቆመው በማማሰያ ይጠሩኛል። ገባሁ። የልጅ ልጃቸው ልደት ነበርና ሳልጠይቅ ተራራ የሚያህል ፓስታ ቀረበልኝ፤ ላዩ ላይ አይብ፣ ውስጡ ቋሊማ። ፍልሰታ ነው! «ሎላ፣ ጾም ላይ ነኝ» አልኳቸው፤ ሎላ አያት ማለት ነው።

«በነሐሴ?»

«የእመቤታችን።»

ማብራሪያ አልፈለጉም። እነሱም ነሐሴ ላይ ዕርገቷን ያከብራሉና አማትበው ሳህኑን አነሡና ነጭ ሩዝ ቆልለው መጡ። ማባያው ከጠረጴዛው ላይ ያለው ቀይ ጠርሙስ ብቻ ነበር። አፈሰስኩ። ጣፋጭ ነው፤ በርበሬ ጠብቆ የተዘጋጀ ምላስ ይደነግጣል። ሙዝ! ቀኑን ሙሉ የፈለግኋቸው ሴትዮ ጠርሙስ ውስጥ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው።

ለሎላ ነገርኳቸው። ኦሮሳን በጎዳናነት ብቻ ያውቋቸዋል። ፌ ዴል ሙንዶንም በሆስፒታልነት፤ እኚያ የልጆች ሐኪም ግን መብራት በሌለበት ገጠር ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት፣ አንዱን የቀርከሃ ቅርጫት በሌላው ውስጥ ከትተው፣ በመካከሉ የሙቅ ውኃ ጠርሙስ ደርድረው ማሞቂያ የሠሩ ናቸው። ሎላ ቅርጫቱን ሲሰሙ ወደ ጓዳ ገብተው የልብስ ቅርጫታቸውን አምጥተው አገላብጠው አዩት። ሲያትልና ኬሚስትሪው ግን አልነካቸውም። እኔም ካቻፑን ከበላሁ ወዲያ በሹፌሩ ላይ የነበረኝ ንዴት በረደልኝ፤ ሰው ድስቱ ውስጥ የገባውን እውቀት ማን አመጣው ብሎ አይጠይቅም፤ ይበላዋል። አንድ ምልክት ጎዳናው ላይ ቢተክሉ ግን ምን ነበረበት?

የልደቱ ባለቤት እስካሁን ጠርሙሱን ሲያይ ቆይቶ «ከኢትዮጵያስ ማን አለ?» አለኝ። አክሊሉ ለማን ነገርኩት፦ በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ግርጌ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውን፣ ቢልሃርዚያን የሚያዛምተው ያ ቀንድ አውጣ መሆኑን። ልጁ አዛጋ። እናቱ ቡና የኢትዮጵያ አይደለም ወይ አለች። እንግዲህ ካልዲን፣ ፍየሎቹን፣ ቀዩን ፍሬ በልተው መጨፈራቸውን ተረኩ። ማስረጃው ከአጋፒቶ አምፖል አይሻልም፤ ቤቱ ግን ተነቃነቀ። ልጁ «ፍየሎቹ እንዴት ነው የጨፈሩት?» ብሎ እጄን ጎተተኝ። ካልዲ የከፋ ሰው ነው ይባላል። እኔ የምችለው የጎንደር እስክስታ ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ እግር ጫማና በረጠበ ካልሲ ተነሥቼ ፍየሎቹን ጎንደሬ አደረግኋቸው።