ለሌባ ያዘንኩበት ቅዳሜ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የዘንድሮው ጉድ ከራሴው ወጣ፤ በዚህ ዕድሜዬ ለሌባ አዘንኩ። መርካቶ ውስጥ «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ጋቢዬን ሰብስቤ ከፊት ከሚሮጡት አንዱ የነበርኩ ሰውዬ፣ ለንደን ውስጥ ሶፋ ላይ ተጎልቼ ለባቡር ዘራፊዎች ከንፈሬን መጠጥኩላቸው።

ጥፋቱ የልጅ ልጄ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ዝናቡ እንደ ልማዱ ያለቅሳል፣ ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል። «አባባ፣ አንተ የድሮ ነገር ትወድ የለ?» አለችኝ። አንተ! አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እዚህ አገር ለንጉሡም ለድመቱም የሚባለው ያው አንድ «ዩ» ስለሆነ፣ «እርስዎ» የሚባለው ነገር ከእኛ ጋር መጥቶ ጉምሩክ ላይ ቀርቷል። ከዚያ በፈረንጆቹ 1966 የተሠራውን «ታላቁ የሴንት ትሪንያንስ የባቡር ዘረፋ» የሚባል ኮሜዲ ከፈተችልኝ። ሠሪዎቹ ፍራንክ ላውንደርና ሲድኒ ጊሊያት ናቸው፤ እግዜር ይይላቸው።

እኔ ሠላሳ ዓመት ዩኒት ሊደር የነበርኩ ሰው ነኝ። ሰልፍ ላይ ጥፍር አይቻለሁ፣ አርፋጅ አንበርክኬያለሁ፣ «ነገ ወላጅ ሳታመጪ እንዳትገቢ» እያልኩ የከተማውን ግማሽ በር ላይ አቁሜያለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ሴንት ትሪንያንስ የሚባል የጋጠወጥ ሴት ልጆች ትምህርት ቤት ፊት ማስቀመጥ እረኛን የጅብ ሠርግ መጥራት ነው። ባርኔጣው ተጣሟል፣ ካልሲው ተቀዷል፣ ክራቫቱ አንገት ላይ ከሚታሰር ይልቅ ሰው ለማሰር የተበጀ ይመስላል። የሆኪ ዱላ የሚሉት ዕቃም የተፈጠረው ለሰው ጭንቅላት ነው፤ ኳስ ድንገት መንገድ ላይ ካልገባ በቀር አይነካውም።

«ይሄ ምን አለው!» አለች ልጅቱ፣ የፊተኞቹን ፊልሞች እየዘረዘረች። የመጀመሪያው በ1954 የወጣ ነው። በዚያኛው ልጆቹ ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ጂን ያወጣሉ፤ ፍላሽ ሃሪ የተባለ ጮሌ ይሸጥላቸዋል። በእኛ ቋንቋ ካቲካላ ነው፤ ለዚህ ወላጅ አይጠራም፣ ፖሊስ እንጂ። ርዕሰ መምህርቷን ሆኖ የሚጫወተው ደግሞ አልስቴር ሲም የተባለ ወንድ ነው፣ ቀሚስ ለብሶ! በ1960ው ትምህርት ቤቱን አቃጥለው ፍርድ ቤት ይቆማሉ። «ታዲያ ማን ቀጣቸው?» አልኳት። እንደ ሞኝ አየችኝ።

የ1966ቱን ፊልም ሳይ ያልተቀጡበት ምክንያት ተገለጠልኝ፤ ቀጪ የለም። ትምህርት ቤቶችን የሚመራው ሚኒስትር ቁልፉን ተቀብሎ እንደመዝጋት፣ ከርዕሰ መምህርቷ ጋር ፍቅር ይዞታል። የበታች ሹሞቹ ፋይል ታቅፈው ያቃስታሉ። እነሱን ሳይ ብቻ አገሬን ያገኘሁ መሰለኝ።

እና በዚህ ሁሉ ግርግር መሐል ሥርዓት ያለው ሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሌቦቹ!

አለቃቸው አልፎንስ ይባላል፤ ፍራንኪ ሃወርድ ነው የሚጫወተው፣ መደበኛ ሥራው የሴቶች ፀጉር መሥራት ነው። ማንም ያላየው የበላይ አለቃ በድምፅ ብቻ ትእዛዝ ሲሰጠው፣ አንዴም «ግን እኮ» ሳይል ይፈጽማል። ባቡር ዘርፈው 2.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሃሚንግዌል ግሬንጅ በሚባል ወና ቤት ደበቁ። ሊያወጡት ቢመለሱ ቤቱ ወና አይደለም፤ ሴንት ትሪንያንስ ገብቶበታል። ምስኪኖቹ ሾልከው ለመግባት ሞከሩ፤ ተቀጥቅጠው ወጡ። አልፎንስ ሁለት ሴት ልጆቹን እዚያው አስመዘገበ፣ እንዲሰልሉለት። ለክፉም ቢሆን ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስገባ አባት እኮ ነው! በመጨረሻ በወላጆች በዓል ቀን መስተንግዶ አቅራቢ መስለው፣ ነጭ ለብሰው፣ ሰዓት አክብረው መጡ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ በወላጆች በዓል ሰዓት ያከበረ ወላጅ አላየሁም። «እባካችሁ ገንዘባቸውን ይውሰዱና ይገላገሉ» ብዬ ጮህኩ።

«አባባ፣ ሌቦች እኮ ናቸው!»

«ጨዋ ሌቦች ናቸው» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ።

ልጅቱ ፊልሙን አቁማ ስልኳን ከፈተች። የዘመኑ ልጅ ሽማግሌን የሚከራከረው በምላሱ ሳይሆን በስልኩ ነው። ለካስ ነገሩ ሥር አለው። በ1963 ኦገስት ወር፣ በ8ኛው ቀን ሌሊት፣ ከግላስጎው ወደ ለንደን የሚሄደውን የፖስታ ባቡር እውነተኛ ዘራፊዎች ባኪንግሃምሻየር ላይ አቁመውታል። አረንጓዴውን መብራት በጓንት ሸፍነው ቀዩን በባትሪ አበሩት። ሰንሰለት ሠርተው 120 ከረጢት እጅ በእጅ አወረዱ፣ ወደ 2.6 ሚሊዮን ፓውንድ፤ ይህ ሁሉ በግማሽ ሰዓት ውስጥ። እኔ የማውቀው ሰልፍ እንኳ በግማሽ ሰዓት ቀጥ ብሎ አያውቅም። ተደብቀው በነበሩበት እርሻ ቤት ሞኖፖሊ ሲጫወቱ አሻራቸው ቀረና ተያዙ፣ እስከ 30 ዓመት ተፈረደባቸው። ከገንዘቡ አብዛኛው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሮኒ ቢግስ የተባለው ደግሞ ፊልሙ ሊወጣ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው፣ በ1965፣ ከዋንድስዎርዝ እስር ቤት ግድግዳ ተንጠላጥሎ አመለጠ።

«ሾፌሩስ?» አልኳት። እሱን በቀስታ አነበበችልኝ። ጃክ ሚልስን በብረት ጭንቅላቱን መትተውታል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም። በ1970 አረፈ፤ ሕመሙ ሌላ ነው ይባላል። ፊልሙ ውስጥ እሱ የለም። ቢኖር ማንም አይስቅም ነበር።

ዝም አልኩ። እነዚያም እኮ ሰዓት አክባሪዎች፣ እነዚያም ትእዛዝ ፈጻሚዎች ነበሩ።

ልጅቱ አልለቀቀችኝም። እነዚህን ጋጠወጥ ተማሪዎች በመጀመሪያ በሥዕል የፈጠራቸው ሮናልድ ሰርል የተባለ የካምብሪጅ ልጅ ነው። የመጀመሪያው ሥዕሉ ሊሊፑት በሚባል መጽሔት በ1941 ወጣ። በዓመቱ ሲንጋፖር ላይ ጃፓኖች ማረኩት፤ ከሲያም ወደ በርማ የሚዘረጋውን የሞት ባቡር ሐዲድ ሲያሠሩት ከረሙ። እየተደበቀ ይሥል ነበር፣ ወረቀቱንም በኮሌራ በሚሞቱ ጓደኞቹ ፍራሽ ሥር ይሸሽግ ነበር፤ ጠባቂዎቹ በሽታውን ፈርተው ወደዚያ አይጠጉማ። በ1945 ተርፎ ተመለሰና ልጆቹን መሣል ቀጠለ፤ ከበፊቱ የባሰ አጥፊዎች አድርጎ።

እንግዲህ ሰልፍ፣ ቆጠራ፣ ሰዓት፣ ትእዛዝ... ከምርኮኞች ካምፕ በላይ የት አለ? ያን ሁሉ ሥርዓት በጀርባው የተሸከመ ሰው፣ ካልሲዋ የተቀደደ ልጅ ቢወድ እኔ ምን አገባኝ። ይህን እያልኩ ግን ደስ ብሎኝ እንዳይመስላችሁ፤ ሠላሳ ዓመት ያንበረከኳቸው ተራ በተራ ይታዩኝ ጀመር።

ፊልሙን ቀጠልን። መጨረሻው ባቡር በባቡር ማሳደድ ነው፤ ሃምፕሻየር ውስጥ በሎንግሙር የጦር ሠራዊት ሐዲድ ላይ የተቀረጸ። ሌቦቹ ገንዘቡን ይዘው በአንደኛው፣ ልጆቹ በሌላው፤ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት። ከት ብዬ ስስቅ ሻዩ ጋቢዬ ላይ ተደፋ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ይኸው፣ ልጆች ያቦኩትን በላሁ።

ለመጪው ቅዳሜ የ1957ቱን ይዛልኛለች። በዚያኛው ዕንቁ ሰርቆ የሚሸሽ ሌባ የርዕሰ መምህርት ቀሚስ ለብሶ ይደበቃል፣ የነበረችው ርዕሰ መምህርት ደግሞ እስር ቤት ናት። አሁንም ያ ትምህርት ቤት መዘጋት አለበት ባይ ነኝ። ለቀሚስ ለባሹ ሌባ ግን አላዝንለትም፤ ለልጅቱ ቃል ገብቻለሁ።