የሥራ ማስታወቂያ ፎቶ፦ ዓይነቱ፣ ጠባዩና ተጠቃሚው

ሥራ አጥነትን ያጠኑ ምሁራን ብዙ ናቸው። ሥራ አጡ በስልኩ ይዞት የሚዞረውን ፎቶ ግን ከቁም ነገር የቆጠረው እስካሁን አልተገኘም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ይሞክራል። ለጥናቱ የተመረጠችው የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ አዲስ ቅዳም ናት። ከተማዋ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በዳንግላና በእንጅባራ መካከል ስለምትገኝ ማስታወቂያ ከሁለቱም አቅጣጫ ይደርሳታል። ሥራው ግን ብዙ ጊዜ ሳይወርድ ያልፋል።

በቅድመ ኮሮና ዘመን ማስታወቂያ የሚነበበው ከሰሌዳ ነበር። አንባቢውም በሦስት ይከፈል ነበር፦ ፊት ቆሞ ጮክ ብሎ የሚያነብ፣ ከኋላ ሆኖ «ልምድ ስንት ይላል?» እያለ የሚጠይቅና ከንፈሩን የሚመጥ፣ እንዲሁም አንድም ቃል ሳይተነፍስ ሹልክ ብሎ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚገባ። ሦስተኛው ወገን ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ሥራ የሚያገኘው ግን እሱ ነው ይባላል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 በሽታው አገር ውስጥ መግባቱ ተነገረ። መጋቢት 22 ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀናት ተዘጉ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። «ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ» የሚለው ምክር ከየአቅጣጫው ይሰማ ጀመር። የጥናታችን መላምት የሚነሳው ከዚሁ እርምጃ ነው። በሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት፣ በአቧራማ መስታወት ውስጥ፣ ከጭንብል የሚወጣ ትንፋሽ መነጽር እያደበዘዘ፣ በ12 ቁጥር ፊደል የተጻፈ «ተፈላጊ ችሎታ» በፍጹም አይነበብም። ስለዚህ አንድ ደፋር ይጠጋል፣ በስልኩ ያነሳል፣ በቴሌግራም ይለቃል፤ ሌላው ቤቱ ሆኖ ያነባል። ወረርሽኙ ጋብ ሲል ጭንብሉ ወለቀ፣ የእጅ መታጠቢያው ጀሪካንም ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ። ፎቶው ግን ከሥልጣኑ አልወረደም።

ፎቶው በአራት ይመደባል።

ሀ) ባለ አውራ ጣት። ጣቱ ዘወትር የሚያርፈው ደመወዙ ላይ ነው።

ለ) ባለ ጥላ። የአንሺው ጭንቅላት ከ«የትምህርት ደረጃ» እስከ «ብዛት» ያለውን ያጠላበታል።

ሐ) ባለ ጎረቤት። ከጎኑ የተለጠፈውን ጨረታ ግማሽ ይዞ ይመጣል። በዚህ ሰበብ የሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልገው መሥሪያ ቤት ቆርቆሮም የሚፈልግ ይመስላል።

መ) ቀን አልባ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ላይ ጊዜ አናጠፋም። አራተኛው ግን ሊቃውንት የሚያስፈልጉት ነው።

እንደሚታወቀው ምዝገባው «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ» ነው። የወጣበት ቀን ራስጌው ላይ በቀኝ በኩል፣ ከደብዳቤ ቁጥሩ ሥር፣ በእስክርቢቶ ይጻፋል። አንሺው ደግሞ ራስጌውን ሳያስገባ ነው የሚያነሳው። አምስቱ ቀናት ስለዚህ አሉ፤ መነሻቸው ግን የለም። እንዲህ ያለ ፎቶ አያረጅም። በየሦስት ወሩ «ፈጥናችሁ ተመዝገቡ!» የሚል አጃቢ እየታከለበት ከቡድን ወደ ቡድን ይዞራል።

ዕድሜውን ለመገመት አራት መንገዶች በሥራ ላይ ናቸው። ወረቀቱ ላይ የዝናብ ጠብታ ካለ ክረምት ነው፤ የየትኛው ዓመት ክረምት እንደሆነ አይናገርም። ማጣበቂያው ፕላስተር ቢጫ ከሆነ ተስፋ አይጣልበትም። ደመወዙ ሲያዩት የሚያስቅ ከሆነ የቆየ ነው፤ ይህ መንገድ ግን ትኩሱንም የቆየ እያስመሰለ አስቸግሯል። «ጭንብል ያላደረገ አመልካች አይስተናገድም» ካለ 2012 ወይም 2013 ነው።

ከሥሩ የሚጻፉት አስተያየቶችም ቅደም ተከተላቸውን ስተው አያውቁም። አንደኛው «አላለፈም?» ይላል። ሁለተኛው፣ ቦታው በትልቁ ተጽፎ ሳለ፣ «የት ነው?» ይላል። ሦስተኛው «0 ዓመት ይላል?» ይላል። አራተኛው ሁለት የተጣመሩ እጆች ልኮ ይሄዳል። ለአንደኛው የሚመልስለት የለም። መልሱን የሚያውቀው እንጅባራ ድረስ የሄደው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሲመለስ የመጻፍ ስሜቱ የለውም። ማስታወቂያው እስከ ዛሬ «የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ በአካል» ነው የሚለው። ኮሮና ያመጣው ለውጥ እንግዲህ ተጠቃልሎ ይኸው ነው፦ መፈለጉ ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ ማመልከቱ እንደ ጥንቱ በእግርና በሚኒባስ ነው።

አንድ ያልተፈታ እንቆቅልሽ ይቀራል። «ብዛት 1» የሚለውን ማስታወቂያ ራሱ ሊወዳደርበት ያሰበ ሰው ለመላው ሥራ ፈላጊ የሚለቀው ለምንድን ነው? አንዳንዶች ምዝገባው ሲዘጋ ነው የሚለቀው ይላሉ። እንዲህ የሚያደርግ አለ፤ ፈጣሪ ይይለት። ብዙው ግን ገና ሳይመዘገብ ነው የሚለቀው። በምድብ ሀ የተመለከትነውን ጣት አጉልታችሁ እዩት፤ የጥፍሩ ዙሪያ ጥቁር ነው። ባለጣቱ ዲግሪውን በፌስታል ጠቅልሎ አስቀምጦ፣ ጠዋት የዲከረንስ ዛፍ ከሰል አይሱዙ ላይ ሲጭን አርፍዷል። በመንገዱ ሰሌዳውን አየ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ አነሳ፣ ለማያውቃቸው ተወዳዳሪዎቹ ላከ። ጥናቱ በዚህ ነጥብ ላይ ገለልተኝነቱን ለመጠበቅ ተቸግሯል። ደመወዙን ስለሸፈነብን ግን አሁንም ቅር ብሎናል።

ከ2015 ሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ሰሌዳው አንባቢዎቹን መልሶ አገኘ፤ ጮክ ብሎ የሚያነበውም «ልምድ ስንት ይላል?» የሚለውም ተመለሱ። ሁለት የአዋቂ እርምጃ የተራራቀ ግን አልታየም።

አምስተኛው ምድብ፣ ሠ) በድምፅ ብቻ የሚላክ ማስታወቂያ፣ በሰባት ንዑሳን ሊከፈል ታስቦ ነበር። ሆኖም ይህን ስንጽፍ አንድ ፎቶ ደርሶናል፤ በሙያችን ነው፣ 0 ዓመት ይላል፣ ራስጌው የለም። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱም መብራት እንዳለው አልተረጋገጠም። ምደባውን የፈለገ ይቀጥልበት።