ከርቭ ሳታደርጉ አትምጡብኝ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። በእኛ ማተሚያ ቤት ጉዱ የሚጀምረው ሐምሌ ላይ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር የግራፊክ ዲዛይን ተማሪዎች ደብዳቤያቸውን በፕላስቲክ ሸፍነው በር ላይ ይሰለፋሉ። «ተማሪያችንን ተቀብላችሁ እንድታለማምዱልን እየጠየቅን፣ ስለ ትብብራችሁ በቅድሚያ እናመሰግናለን» ይላል ደብዳቤው። ምስጋናው ቀድሞ ከደረሰ በኋላ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው።

ኢንተርን ይባላሉ። ወንበር እንደያዙ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ጋሼ፣ የዋይፋይ ፓስወርዱ ስንት ነው?» ሁለተኛው «የመገምገሚያ ቅጹን ማን ነው የሚሞላልን?» ስለ ወረቀት ግራም፣ ስለ ቀለም የሚጠይቅ አልፎ አልፎ አንድ ይገኛል። እሱን ደግሞ ባለቤቱ ቀልጠፍ ማለቱን አይቶ ፎቶ ኮፒ ላይ ይተክለዋል።

እኛ እንዲህ ነበርን? (ይህን ስል እርስ በርስ ይተያያሉ፤ አይቻቸዋለሁ።) እኔ የእርሳስ ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። የፈረንጁ 26 ነው። የእኛን 33 በሰባት አባዙት፤ 231፤ ዲቃላዎቹን፣ ቁጥሩንና ነጥቡን ሳንጨምር። እያንዳንዱ የየራሱ ሳጥን አለው፤ የተቀረጸውም ተገልብጦ ነው። «ሐ»ን ከ«ሀ» ሳጥን የከተተ ለቃሚ አለቃው ምን እንደሚለው እዚህ አይጻፍም። ማታ ደግሞ ፊደሉን በላምባ አጥቦ ወደየቤቱ መመለስ አለ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም የግራፊክ ዲዛይን ዲግሪ የት ነበር? ሥራ የሚያውቀው ማሽን አጠገብ የቆመ ነበር።

ነሐሴ የካላንደር ወር ነው፤ ደንበኛው ሁሉ ለእንቁጣጣሽ ይድረስልኝ ይላል። አንዱን ጎበዝ የተባለ ልጅ የአንድ ሱቅ ካላንደር ሥራ አልነው። ውብ አድርጎ ሠራው። አበባው፣ ጥላው፣ ሁሉ ነገሩ ያማረ። ቀረብ ብዬ ሳጥኖቹን ብቆጥር 12!

«ልጄ፣ ጳጉሜን የት አለ?»

«ቴምፕሌቱ ላይ ቦታ የለውም፣ ጋሼ።»

አዬ! የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ በቴምፕሌት እጦት ይቅር? እሺ፣ ጳጉሜን ከነሐሴ ጥግ አስጠጋንና ፋይሉ ለፕሌት ሄደ። ልጁ በዱሮ የግዕዝ ፎንት ጽፎ ከርቭ ሳያደርገው (ፊደሉን ወደ ቅርጽ ሳይለውጠው) ኖሮ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የወሮቹ ስም በሙሉ የፈረንጅ ፊደል ሆኖ ቁጭ አለ። «እኔ ላፕቶፕ ላይ እኮ ትክክል ነው!» ይለኛል። ታዲያ ለደንበኛው ካላንደሩን ትተን ላፕቶፕህን ግድግዳው ላይ እንስቀልለት? የሱቁ ሰማያዊ አርማም በአርጂቢ፣ በስክሪን ቀለም፣ ተሠርቶ ስለነበር በማተሚያው አራት ቀለም ሲወጣ ወይን ጠጅ መሰለ። ወረቀቱ ካለቀ በኋላ የሚታይ ስህተት በኮንትሮል ዜድ አይመለስም።

በልጁ ብቻ ተናድጄ ዝም ብል በወጣልኝ። ላኪው መምህር ለክትትል ብቅ ይልና «እንዴት ነው ልጃችን?» ብሎ አንድ ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ከርቭ የሚባለውን ነገር አስተምረኸዋል ወይ ብዬ ልጠይቀው ስል ታክሲ ውስጥ ነው። የእኛ ባለቤት ደግሞ ከጀሞ በሁለት ታክሲ ለሚመጣ ልጅ የትራንስፖርት እንኳ አይሰጥም፤ «ልምድ እየቀሰመ አይደል?» ይላል። ልምድ ለታክሲ ረዳቱ አይከፈልም! ከዚያ መስከረም ላይ ሁሉም «እጅግ በጣም ጥሩ» ተሞልቶለት፣ ማኅተም ተረግጦለት ይሸኛል። እኔም ማሽኑን በቅጡ ሳላሳየው።

ስለዚህ ኮሌጆች ሆይ፣ ልመናዬ ይኸው፤ ልጆቹን ካላንደሩ አናታችን ላይ በወጣበት ወር አትላኩብን። ኅዳር ላይ ላኩልን፤ የጥር ሠርግ ጥሪ ወረቀት ከመጀመሪያው ጀምሮ አብረውን ይሥሩ። አሠሪዎችም የታክሲና የምሳውን ቻሉ። ከርቭ ማድረጉን ግን እባካችሁ እዚያው አስተምራችሁ ላኳቸው።