ሜትሬ አይዋሽም

ደሴ ላይ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። የሦስት መንግሥት ሹማምንት ወገብ በዚህች ሜትሬ አልፏል። ሹመት ሲመጣ ወገብ ሲሰፋ፣ ሹመት ሲሄድ ወገብ ሲጠብ አይቻለሁ። የዘንድሮው ግን ሹሙንም ተራውንም አንድ ያደረገ ነው። አዲስ ልብስ ማሰፋትን ሰው እርም ብሏል። በሬን ገፍቶ የሚገባው ሁሉ አሮጌ ሱሪ በፌስታል ጠቅልሎ፣ «ጋሼ፣ ወገቧን ትንሽ ያዝ ያድርጉልኝ» ነው።

አንድ መምህር ጎረቤቴ ያንኑ ሱሪ በዓመት ሦስት ጊዜ አስጠበበ። በአራተኛው ቢመጣ ሁለቱ የኋላ ኪሶች ተጠጋግተው ሊሳሳሙ ደርሰዋል።

«አንዱን ኪስ ልንቀለው?» አልኩት።

«ሁለቱንም ይንቀሉት ጋሼ፣ የሚገባበት የለም» አለኝ።

ይህ ሁሉ የዶላር ሥራ ነው ይሉኛል። እኔ ዶላርን በዝና እንጂ በመልክ አላውቀውም። በደርግ ዘመን 2 ብር ከ7 ሳንቲም ላይ ታስሮ የሚኖር ጨዋ ነበር። በ1985 ወደ 5 ብር ሲወጣ ጉድ ፈላ ብለን እጃችንን በአፋችን ጫንን። ምን የዋሆች ነበርን! ሐምሌ 22 ቀን 2016 ገመዱን ፈቱለት፤ «ዋጋውን ገበያ ይወስነው» ተባለ። ከ57 ብር ተነስቶ በዚያው ቀን 74 ገባ፤ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ከ130 ዘለለ። ገመዱ በተፈታበት ሰሞን አይኤምኤፍ ለአገሪቱ በ4 ዓመት የሚሰጥ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ ሲባል ሬዲዮኑን አቅፌው ልስመው ምንም አልቀረኝ። ገንዘቡ ከሬዲዮ ወጥቶ ሰኞ ገበያ ሲደርስ ግን እስካሁን አላየሁም።

ክሩ፣ ዚፑ፣ መርፌው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ይወደድ፣ ይሁን። ቲማቲምን ምን አገባው? አንዷን ነጋዴ ጠየቅኋት። «ልጄ፣ ይህ ቲማቲም ቦርከናን ጠጥቶ ያደገ የኮምቦልቻ ተወላጅ አይደለም እንዴ? ከዶላር ጋር የት ተዋወቀ?»

«አባባ፣» አለችኝ ሚዛኗን ሳትለቅ፣ «ማዳበሪያው በዶላር ነው። ውሃ የሚስበው ሞተር ናፍጣው በዶላር ነው። የሐረጎን ዳገት ያወጣው አይሱዙ ጎማው በዶላር ነው። የአገር ውስጥ ምርት የእኔ ጩኸት ብቻ ነው።»

መልስ አጥቼ ግማሽ ኪሎ ገዛሁ። ድሮ ግማሽ ኪሎ የሚገዛ ወንደላጤ ነበር።

ቡናውም ያው ነው። ለውጭ ገበያ ሲሄድ ብዙ ብር ስለሚያወጣ እኛ ዘንድ የሚቀረውም በዚያው ልክ ይኮራብናል። ወሎዬ ደግሞ ያለ ቡና እንዴት ይሆናል? የልጆቼ እናት ዘዴ አላት፤ አቦሉን ታቀጥነዋለች፣ ቶናው አቦሉን ያማል፣ በረካው ላይ ምርቃት ብቻ ይቀራል። ምርቃት ገና ቀረጥ ስላልተጣለበት በርከት አድርገን ነው የምንመራረቀው።

የልጅ ልጄ ነገር ነው የሚያንገበግበኝ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ ኮምቦልቻ ሠርግ ቤት መስላ ነበር። የደሴም የገጠሩም ወጣት ሐረጎን ቁልቁል ወረደ። እሷም ሙያዬን ወርሳ እዚያው ከተማ አንድ የልብስ ፋብሪካ ገባች። እኔ በቀን አንድ ሱሪ ጀምሬ ስጨርስ፣ እሷ ሙሉ ቀን ኪስ ብቻ ትሰፋ ነበር። «አባባ፣ ኪስ ሰፊ ሆንኩ እንጂ ኪስ ሞይ አልሆንኩም» ትለኝ ነበር። ቢሆንም ደመወዝ ደመወዝ ነው፤ በየወሩ ለአያቷ ስኳር ትይዝ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጥቅምት 2014 ሁለቱም ከተሞች ተያዙ፤ ኅዳር ማለቂያ ላይ እስኪለቀቁ ድረስ ሱቁም ፋብሪካውም ተዘረፈ። የእኔ ሲንጀር የተረፈችው ለሸክም የማትመች አሮጊት በመሆኗ ነው። ቁስሉ ሳይደርቅ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች። ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ ሲከፍል፣ ገዢው ትእዛዙን ወደ ሌላ አገር አዞረ። የልጅ ልጄም ቤት ገባች። ዛሬ ከጎኔ ተቀምጣ የሰው ወገብ ታጠባለች።

ባለፈው ሬዲዮኑ «የዋጋ ንረት ቀነሰ» አለ። ዘንቢሌን አንጠልጥዬ እየፈጠንኩ ወጣሁ። ዘይቱ እዚያው፣ ጤፉ እዚያው! ተመልሼ ሬዲዮኑን ስሰድበው የልጅ ልጄ ሳቀች።

«አባባ፣ ንረቱ ቀነሰ ማለት እኮ ዋጋው ወረደ ማለት አይደለም። የሚወጣበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው።»

«ገባኝ። ሐረጎን የሚወጣው መኪና ማርሽ ቀየረ እንጂ ወደ ኮምቦልቻ አልተመለሰም።»

«እንደሱ ነው።»

እንዲህ ከሆነ በግልጽ አይነግሩንም? በዚህ ዕድሜዬ ዘንቢል ይዤ አልሮጥም ነበር።

የባቡሩንስ ነገር? ከ2007 ጀምሮ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ሐዲድ ሲሠራ፣ አንድ ደንበኛዬ በመጀመሪያው ጉዞ የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ አሰፋ። ሐዲዱን አይቻለሁ፤ ፉጨቱን ግን እስካሁን አልሰማሁም። ሰውየው ባለፈው ሰሞን ኮቱን ቢለካው ለሁለት ሰው የሚበቃ ሆኗል። «አብሽር፣» አልኩት፣ «ባቡሩ ሲመጣ ወንድምህንም በአንድ ትኬት ታሳፍረዋለህ።»

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሰምታ «የሰው ወገብ ከምትቆጥር የራስህን ለካ» አለችኝ። ምኑን ልለካ? ሚስማር እያጋልኩ የበሳሁት የቀበቶዬ ቀዳዳ ከዋሽንት ቀዳዳ በልጧል። ቢነፋ ትዝታን ይጫወታል።

ነጭናጫ ሽማግሌ ነው እንዳትሉኝ አንድ የሙያ ምስጢር ልንገራችሁ። ወገብ ሳጠብ ትርፉን ጨርቅ በመቀስ አልቆርጠውም። ወደ ውስጥ አጥፌ እተወዋለሁ። የልጅ ልጄ መጀመሪያ «ይቆረጥ፣ ያምራል» ብላ ነበር፤ ፋብሪካ እንደዚያ አስተምሯታል። አሁን እሷም አትቆርጥም። የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም፤ የታጠፈ ግን ስፌቱ ሲተረተር ይዘረጋል።

አንድ ቀን አንድ ሰው ገብቶ «ጋሼ፣ ጠበበኝ፣ ይልቀቁልኝ» ያለኝ ዕለት፣ ያን ዕለት ኢኮኖሚው አገግሟል ብዬ እኔው አውጃለሁ፤ ለሰውየውም ሥራው በነፃ ነው። እስከዚያው ሬዲዮኑ ያሻውን ይበል፤ እኔ የማምነው ሜትሬን ነው። እናንተም ሱሪያችሁን ለማንም ሰፊ ስትሰጡ፣ ትርፉን እንዳይቆርጠው አደራ በሉት።