ያልረጩትን መድኃኒት ይመዝግቡ

ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ የአካባቢ ጥበቃ ፈቃደኛ ሆነዋል! መቼ ፈቀድኩ ብለው አይጨነቁ። ያን ዕለት የኅብረት ሥራ ማኅበሩ በረንዳ ላይ ሰብስበው፣ አውራ ጣትዎን ቀለም አስነክረው ያስፈረሙዎት ወረቀት ነው። የማዳበሪያ ምዝገባ መስሎዎት ከነበረም ግድ የለም። በውዴታ ግዴታ አድገን ያረጀን ሰዎች ስለሆንን እንዲህ ያለው ነገር ማናችንንም አያስደነግጠንም።

ከእንግዲህ የአባልነት ቁጥር አለዎት። ግማሽ ሄክታር የማትሞላው የቡና ማሳዎ ካርታ ተነሥቶላታል። ዋንዛውና ብርብራው በጥላ ዛፍነት ተቆጥረዋል። በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ የማኅበሩ የውስጥ ተቆጣጣሪ ደጅዎ ይመጣል። እሱ በትክክል መቆጣጠሩን የሚያይ ሌላ ሰው ከዩኒየኑ ይመጣል። ሁለቱ በእርግጥ መምጣታቸውን የሚያረጋግጥ ኦዲተር ደግሞ በላንድክሩዘር ይመጣል። ልጅዎን ሲድሩ እንኳ ይህን ያህል እንግዳ አላስተናገዱም። ሁሉም ቡና ይፈላላቸዋል፤ ይህ ወጪ በየትኛውም ቅጽ ላይ ቦታ የለውም።

ኦርጋኒክ፣ ፌርትሬድ፣ ሬይንፎረስት አሊያንስ፤ የሰርተፍኬቶቹ ስም ብዙ ነው፤ ሁሉም «ማንም አይገደድም» ይላሉ። እውነት ነው፣ አይገደድም። ያልገባ ቡናውን ባገኘው ዋጋ የመሸጥ መብቱ የተጠበቀ ነው።

ከእንግዶቹ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ ቅጹ ነው። አንደኛው ገጽ ባለፉት 3 ዓመታት ማሳው ላይ የዋለውን ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ፣ ፀረ ተባይና ፀረ አረም ይጠይቃል፤ ዓይነቱን፣ መጠኑን፣ የተረጨበትን ቀን። ጋሼ ይመልሳሉ፦

«ረጭቼ አላውቅም።»

«እሱማ ይታወቃል ጋሼ። ግን ባዶ መተው አይቻልም፤ በየዓመቱ 'የለም' ተብሎ ይሞላል።»

«ሦስት ጊዜ የለም?»

«ሦስት ጊዜ።»

«አባቴም ረጭቶ አያውቅም እኮ።»

«የአባትዎ አይጠየቅም። ኦርጋኒክ የሚጠይቀው 3 ዓመት ብቻ ነው።»

እንግዲህ ጋሼ ኬሚካል የማይረጩት በአመዛኙ የሚገዙበት ስለሌላቸው ነው። ይህ እጦት ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለት፣ አርማ ተሠርቶለት፣ አውሮፓ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። በዚህ ደስ የማይለው ካለ ምቀኛ ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፦ እንዲያው ማጣት አይበቃም፤ ማጣትን በሰነድ ማስደገፍ ያስፈልጋል። ከተማ ውስጥ ፋብሪካ ያለው ሰው መበከሉን መንግሥት ማስረዳት አለበት፤ ገጠር ማሳ ያለው ሰው አለመበከሉን ራሱ ያስረዳል።

ያለ ሰነድ የተጠበቀችውን ዘጌን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። በጣና ዳር ባለችው በዚያች ልሳነ ምድር፣ እንደ ትውፊቱ፣ ሕዝቡ ከቡናውና ከጌሾው እንዲኖር፣ መሬቱን በበሬ እንዳያርስ፣ ከብትም እንዳያረባ ያዘዙት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው። ያ ቃል ጫካውን ለዘመናት ጠብቆ አኖረው። በዛሬ ዓይን ስናየው ግን ሥራው ብዙ ጉድለት ነበረበት። የመነሻ ጥናት አልተሠራም። የአፈጻጸም አመልካች አልተቀመጠም። አበው ስልጠና ስለመውሰዳቸው የፈረሙበት አቴንዳንስም አልተገኘም። ጫካው እንዲሁ፣ ያለ ሎግፍሬም፣ በመቆሙ አዝናለሁ።

ገበሬው ንጹሕ ሆኖ ቡናው ሲቆሽሽ ምን እንደሚሆንም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በተላከ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ ብላ ገበያውን አናጋችው። ነገሩ ሲጣራ ጥርጣሬው ያረፈው ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። ጆንያውን ጋሼ አልሠሩትም፣ አልገዙትም፣ መጋዘን ውስጥም አላስቀመጡትም። «የለም» እያሉ ቅጽ የሚሞሉት ግን እስከ ዛሬ እሳቸው ናቸው። ጆንያ ፋብሪካ በፈቃደኝነት ተመዝግቦ፣ በረንዳ ላይ ተሰብስቦ፣ አውራ ጣቱን ሲያሳርፍ አልሰማሁም።

«ቆይ፣ ሰርተፍኬቱ የታለ?» ሊሉኝ ነው። ሰርተፍኬቱማ የዩኒየኑ ነው፣ ወይም የላኪው፤ የተጻፈውም በእሱ ስም ነው። ጋሼ የሰርተፍኬቱ ባለቤት ሳይሆኑ ማስረጃ ናቸው። የልጅ ደብተርና ዩኒፎርም መግዣ አጥሯቸው እሸት ቡናቸውን መንገድ ዳር ለቆመ ሰብሳቢ በጥሬ ገንዘብ የሸጡ ዕለት፣ ያ ኦርጋኒክ ቡና ወዲያው ተራ ቡና ይሆናል። ዛፉ ያው ነው፣ ጥላውም ያው ነው፤ ቅድስናው ግን ከደረሰኙ ጋር ቀርቷል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተቋቋመ በኋላማ የግል ነጋዴው ቡና በደረጃና በአካባቢ እየተቀላቀለ ስለሚከማች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 አሠራሩ እስኪሻሻል ድረስ የገበሬው ስም መጋዘን በር ላይ ይቀር ነበር። በቀጥታ የሚልኩት ዩኒየኖች ናቸው ከዚህ የተረፉት። ለሌላው «ማሳህን ጠብቅ፣ ገበያው ያውቅልሃል» ይባል ነበር፤ ማንን እንደሚያውቅ ግን ገበያው ራሱ አያውቅም ነበር።

ገንዘቡንም እንቁጠር። በፌርትሬድ ገዢው ለአንድ ፓውንድ ቡና 20 የአሜሪካ ሳንቲም ተጨማሪ ይከፍላል። የሚከፈለው ለጋሼ ሳይሆን ለማኅበሩ ነው፤ ጠቅላላ ጉባኤው በሚወስነው ሥራ ላይ ይውላል። ትምህርት ቤት አልተሠራበትም፣ ጤና ኬላ አልቆመበትም አልልም፤ ተሠርቶበታል። ጋሼ 300 ኪሎ ጥሬ ቡና ቢያስረክቡና በሙሉ በፌርትሬድ ቢሸጥ ማኅበሩ 132 ዶላር ገደማ ያገኛል። ከዚህ ላይ እንግዲህ የቁጥጥሩ፣ የኦዲቱና የወረቀቱ ወጪ አለ። ልጅ ይማርበታል የተባለው ትምህርት ቤት መንግሥት ሊሠራው የሚገባ መሆኑን ማንሳት እዚህ ላይ ነውር ነው፤ አላነሣውም።

ጋሼን «ለማበረታታት» ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ የሚካሄደውን የሁለት ቀን አውደ ጥናት ደግሞ እንዳልረሳ። ባነሩ ትልቅ ነው። ባነሩ ላይ እሸት ቡና በእፍኛቸው ይዘው ፈገግ ያሉ አዛውንት አሉ፤ ከገበሬዎች ሁሉ በአዳራሹ የተገኙት እሳቸው ብቻ ናቸው። የሻይ ዕረፍት አለ፣ ኮፍያ አለ፣ ውሎ አበል አለ። በመጨረሻ «የአርሶ አደሩ ግንዛቤ ዝቅተኛ መሆን» በዋና ተግዳሮትነት ይመዘገባል።

አሜሪካኖች ይህን የፈቃደኝነት ነገር ከእኛ ቀድመው ሞክረውታል፤ የሞከሩት ግን ከላይ ጀምረው ነው። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኢፒኤ እ.ኤ.አ. በ2000 «ፐርፎርማንስ ትራክ» የሚባል መርሐ ግብር አቋቋመ። ድርጅቱ ሕግ ከሚጠይቀው በላይ አካባቢን እጠብቃለሁ ብሎ ቃል ይገባል። መንግሥትም በምላሹ አርማ ይሰጠዋል፣ በአደባባይ ያመሰግነዋል፣ ከሁሉም በላይ መደበኛ ፍተሻ ይቀንስለታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የዚያው መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር 30 አባላትን ለናሙና ወስዶ ቢያይ፣ ቃላቸውን በሙሉ የፈጸሙት 2 ብቻ ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2009 መርሐ ግብሩ ተዘጋ። ልብ ይበሉልኝ ጋሼ፣ እዚያ ትልቁ ፈቃደኛ ሲሆን ፍተሻ ይቀንስለታል፤ እዚህ ትንሹ ፈቃደኛ ሲሆን ፍተሻ ይጨመርበታል።

ከእኛ ዘንድ ደግሞ አበባ አለ። የአበባና አትክልት አምራችና ላኪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 ሦስት ደረጃ ያለው የአሠራር መመሪያ አወጣ፦ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ። ነሐስ ለማግኘት ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ የአገሪቱን ሕግ ማክበር ነው። ሕግ አክብሮ ነሐስ! የሚኒባስ ሹፌር ቀይ መብራት ላይ ስለቆመ ሜዳሊያ ቢጠይቅ ትራፊክ ፖሊሱ ምን እንደሚለው መገመት አያዳግትም። እ.ኤ.አ. በ2011 ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነሐሱን በደንብ አስገዳጅ አደረገው። ሽሙጤን ለአፍታ ላቁምና፣ ይኼኛው ልክ ነበር። በቂ መሬት፣ በቂ ውኃና በቂ ኬሚካል ያለውን እርሻ «ፈቃድህ ይሁን» ማለት አያስፈልግም።

ከቆዳ ፋብሪካ ጋር ሲሆን ግን ልባችን ይራራል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ እንደሚጠየቅ ደንግጓል። ቀጥሎ የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ለነባር ፋብሪካዎች 5 ዓመት የእፎይታ ጊዜ ሰጠ። የአቃቂንና የሞጆን ወንዞች ያየ ሰው እፎይታው እስከ ዛሬ አላበቃም ቢል አልፈርድበትም። ለጋሼ የእፎይታ ጊዜ የሰጣቸው የለም፤ የሚያስታግሱት ነገር ስለሌላቸው ይሆናል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼው ነው።

እፎይታ ካልን የአውሮፓም አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. 2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት የተገኘ ቡና አልገዛም የሚል ሕግ አውጥቷል፤ ይኼ እንኳ ፈቃደኝነት አይደለም፣ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ይጀመራል ተባለ፤ ወደ 2025 ተገፋ፤ እሱም ሲደርስ ወደ 2026 መጨረሻ ተገፋ። አስመጪዎቹ አልተዘጋጀንም ስላሉ፣ የመረጃ ሥርዓቱም አልቻለም ስለተባለ ነው። ጋሼ ግማሽ ሄክታራቸውን ጂፒኤስ ይዘው ለመጡት ልጆች ሲያስለኩ ግን «አልተዘጋጀሁም» የሚል ሳጥን ቅጹ ላይ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቡና ውስጥ እውነተኛ ብክለት የለም ማለት አይደለም። አለ፤ ቦታውም ይታወቃል። በለቀማ ወራት በጅማ ዙሪያ ወንዝ ዳር ያለ የቡና መፈልፈያ አጠገብ የደረሰ ሰው በአፍንጫው ያገኘዋል። እሸት ቡናው ተፈልፍሎ ሲታጠብ ልጣጩና ዝልግልጉ ያለበት ውኃ ጉድጓድ ካልተቆፈረለት በቀጥታ ወንዝ ይገባል። በስብሶ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ውኃው ይጠቁራል፣ ይሸታል፤ ከታች ያለ ከብት አይጠጣውም። ከታች ያለው ከብት ብዙ ጊዜ የጋሼ ነው። መፈልፈያው የጋሼ አይደለም።

ስለዚህ የአካባቢ ጥበቃ ፈቃደኞችን ለምታበረታቱ ሁሉ አንድ ነገር ልጠይቅ። ኢንስፔክተሩ ማሳ ከመውጣቱ በፊት የመፈልፈያው ቱቦ ወንዙ ጋ የሚደርስበት ቦታ ይውረድ። ሰርተፍኬቱ ቡናውን በአርማ ለሚሸጠው ሰው ስለሚጠቅም የቁጥጥሩን ሂሳብ እሱ ይክፈል። ቅጹንም እሱ ይሙላው፤ ጋሼ ለቀማ ላይ ናቸው።