«ጋዙ አልቆ ነው»

አበሻ ለሰው በሽታ ስፍር ቁጥር የሌለው መድኃኒት ያውቃል። ለማቀዝቀዣ የሚያውቀው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ጋዝ። ፍሪጁ አልቀዘቅዝ ካለ ጋዙ አልቋል። የመኪናው ኤሲ ትኩስ ከነፈሰ ጋዙ አልቋል። ይህን ምርመራ ለማድረግ ካቻቢቴ ማንሳት፣ ቴስተር መሰካት፣ ማሽኑንም በዓይን ማየት አያስፈልግም፤ በስልክ ያልቃል። ባለፈው ሰመር የሚስቴ ወንድም ተጎታች ቤት ላይ ያለው ኤሲ አንዴ እየበራ አንዴ እየጠፋ ፍዳችንን ሲያሳየን፣ ከዳላስ እስከ አዲስ አበባ በስልክ የተሰበሰበው ጉባኤ የመረጠው ጋዝን ነው። የተቃወምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሙያዬ ሒሳብ መመዝገብ መሆኑ ተነሥቶ ድምፄ ውድቅ ሆነ።

ስለ ተጎታቹ ትንሽ ልበል። በእኛ ዘር ገንዘብ ከፍሎ ጫካ ያደረ ሰው የለም። አያቶቻችን ሜዳ ላይ ያደሩት መንገድ ላይ ስለመሸባቸው ነው፤ ሲነጋም ፈጥነው ወደ ቤታቸው ገብተዋል። የሚስቴ ወንድምም ቢሆን የተነሣው ለመዝናናት አይደለም፤ በሆቴል ዋጋ ተናዶ ነው። በ1984 የተጀመረውና በየዓመቱ ጁላይ መግቢያ ላይ ከከተማ ከተማ እየዞረ የሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ሲደርስ፣ የአንድ ሌሊት አልጋ ስንት እንደሚባል የሄደ ያውቀዋል። አንድ ማታ ወረቀት አውጥቶ ደምሮ ቀንሶ፣ ያገለገለ ተጎታች ቤት ቢገዛ በጥቂት ዓመት ውስጥ ትርፍ በትርፍ እንደሚሆን አሳየን። ስሌቱ ውስጥ ቤንዚን አልነበረም። ተጎታቹን የሚጎትት ፒካፕም አልነበረም፤ እሱ በኋላ ተገዛ።

ለሙከራ የሄድነው ቴክሶማ ሐይቅ ነው፤ ከዳላስ በስተሰሜን ቴክሳስና ኦክላሆማ የሚካፈሉት፣ በ1944 የተጠናቀቀው የዴኒሰን ግድብ የፈጠረው ሰፊ ውሃ። ወሩ ኦገስት ነው። በዚያ አገር ኦገስት ላይ 100 ዲግሪ ፋራናይት፣ በእኛ አቆጣጠር 38 ገደማ፣ ዜና አይደለም። የተጎታች ቤት ግድግዳ ደግሞ ስስ ነው፤ ፀሐይዋ ገና ብቅ ከማለቷ ውስጥ ድረስ ትሰማለች። ስለዚህ የስድስት ሰው ነፍስ የተንጠለጠለው ጣሪያው ላይ በተቀመጠች አንዲት ነጭ ሳጥን ላይ ነው። ሳጥኗ 13,500 ቢቲዩ ናት። ቢቲዩ ምን ማለት እንደሆነ የሚስቴን ወንድም ብትጠይቁት «ብዙ ነው» ይላችኋል። እኔ ልንገራችሁ፦ በሰዓት 12,000 ቢቲዩ ማለት፣ አንድ የአሜሪካ ቶን በረዶ በአንድ ቀንና ሌሊት ቀልጦ ሲያልቅ የሚስበውን ያህል ሙቀት መሳብ ነው። ከአናታችን በላይ በቀን ከአንድ ቶን በላይ በረዶ የሚተካ ጉልበት ተቀምጧል፤ እኛ ከሥሩ ላባችንን እንጠርጋለን።

የኤሲው ጠባይ እንዲህ ነበር። ኮምፕሬሰሩ «ጓ!» ብሎ ይነሣል፤ መብራቱ ለቅጽበት ፈዘዝ ይላል፤ ቀዝቃዛ አየር ይመጣል፤ ሁላችንም «ተመስገን» እንላለን። ምስጋናው ከአፋችን ሳያልቅ ኮምፕሬሰሩ ጭጭ። ፋኑ ግን መንፋቱን አያቆምም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ጓ!»። ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞስታት 72 ላይ ተሞልቷል፤ ክፍሉ 86 ነው። እዚህች ላይ ልብ በሉልኝ። ክፍሉ 72 ደርሶ ቢጠፋ ሥራውን ጨረሰ እንላለን። 86 ላይ ፋኑ እየነፋ ኮምፕሬሰሩ ብቻ ሲጠፋ ግን ያጠፋው ቴርሞስታቱ አይደለም፤ ሌላ እጅ አለበት።

ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ ቢሆን እንችለው ነበር። ለኮምፕሬሰር ከሥራ ሁሉ ከባዱ መነሣት ነው። አንዴ ከተነሣ በኋላ 13 አምፒር ገደማ እየበላ በሰላም የሚሠራ ማሽን፣ በሚነሣባት ቅጽበት ብዙ እጥፍ ይጎርሳል። ከጠፋ በኋላም ውስጡ ያለው ግፊት እኩል እስኪሆን ሁለት ሦስት ደቂቃ ማረፍ ይፈልጋል፤ ብዙ ቴርሞስታቶች መልሰው ከማስነሣታቸው በፊት ሆን ብለው የሚያዘገዩት ለዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የሚውል ኤሲ ብዙ ዓመት ይኖራል። ቀኑን ሙሉ ሲነሣ ሲወድቅ የሚውል ግን ባለቤቱን ያስለቅሳል።

ጉባኤው ተከፈተ። የኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ ወዳጃችን ዳላስ ድረስ ተደወለለትና ገና «ኤሲው…» ስንል «ጋዙ አልቆ ነው» አለ። አዲስ አበባ ፍሪጅ የሚጠግነው የአጎት ልጅ በቪዲዮ ተጠራ። ስልኩን ወደ ጣሪያው ስናዞርለት ሳጥኗን ሳይሆን ሰማዩን አየና «ጋዝ ነው። እዚያ ለመሙላት ስንት ያስከፍላሉ?» ብሎ ጠየቀ። ከካምፑ አቅራቢያ የሚሠራ አንድ ጠጋኝም መጣ። መሰላል አላወጣም። ከታች ቀና ብሎ አየና «አዲስ ይገጠም» አለ፤ ዋጋው ከሺህ ዶላር በላይ። ያ በወረቀት ላይ የታየው ትርፍ በሚስቴ ወንድም ፊት ላይ ሲቀነስ በግልጽ ይነበብ ነበር።

ፍርድ ያልሰጡት ጎረቤታችን ጋሼ ብቻ ናቸው። ድሮ አገር ቤት መብራት ኃይል ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። እሳቸው የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው። «ለመሆኑ ጋዙ በየት ነው የሚገባው?»

በየትም አይገባም። የተጎታች ቤት የጣሪያ ኤሲ በአብዛኛው ከፋብሪካ ሲወጣ ቧንቧው ተበይዶ የታሸገ ነው፤ በመኪና ኤሲ ላይ ያለው የጋዝ መሙያ አፍ የለውም። ደግሞስ ጋዝ እንዴት ያልቃል? ቤንዚን አይደል፣ አይቃጠል፤ ያንኑ ቧንቧ ሲዞር ይኖራል። ከጎደለ የሆነ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው። ይህ ለጉባኤው ሲገለጽ ሁሉም ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ባለ ታክሲው «እንግዲያው ቧንቧውን ቀደው ይሙሉላችኋ!» አለ።

ጋሼ ከመኪናቸው ቴስተር አወጡ። መብራት ኃይል የሠራ ሰው ቴስተር ሳይዝ ሽርሽር አይወጣም። ሶኬቱ ላይ 118 ቮልት አነበቡ። ልኩ 120 ነው፤ ከ108 ሲወርድ ነው ኮምፕሬሰር ማቃሰት የሚጀምረው። ቀጭን ኤክስቴንሽን እየቀጠሉ ከሩቅ የሚስቡ ሰዎች ኤሲያቸውን የሚገድሉት እንዲህ ባለው መንገድ ነው፤ የእኛው ግን ደህና ነበር። ቀጥለን ፊልትሮውን አወጣን። የቀድሞው ባለቤት ነጭ ውሻ እንደነበረው ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ታጠበ፤ ኤሲውም ትንሽ ተሻለው፤ አልዳነም። ከዚያ ጋሼ ቴርሞሜትር ጠየቁ። የነበረን ሚስቴ ሥጋ መብሰሉን የምታይበት ነው። ወደ ኤሲው የሚገባውንና ከኤሲው የሚወጣውን አየር ለካንበት። በሁለቱ መካከል ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ፋራናይት ልዩነት ካለ ማሽኑ ማቀዝቀዙን አልተወም ይላሉ ባለሙያዎቹ። 19 መጣ። ጋሼ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው «ጋዙ አለ» ብለው ፈረዱ። ባለ ታክሲው ይግባኝ ጠየቀ።

ገመዱን ከካምፑ የመብራት ምሶሶ ነቅለን (ይህን ሳያደርግ ማንም እጁን ወደ ላይ አይስደድ) ኮርኒሱ ላይ ያለውን ፍርግርግ በካቻቢቴ ፈትተን አወረድነው። ጣሪያው ላይ ያለው ቀዳዳ 14 በ14 ኢንች ነው። በዚህች አንዲት ቀዳዳ ሁለት መንገድ ያልፋል፦ የክፍሉ ትኩስ አየር ወደ ኤሲው የሚወጣበትና ቀዝቅዞ የሚመለስበት። ሁለቱ እንዳይገናኙ በመካከላቸው መጋረጃ አለ፤ ወይም ሊኖር ይገባል። የእኛው መጋረጃ ጠርዙ ላይ የተለጠፈበት ፕላስተር ሙጫው ደርቆ ተንጠልጥሏል፤ በክፍተቱ ጣት ይገባል። ቀዝቃዛው አየር በኮርኒሱ ውስጥ እስከ መኝታ ቤት ድረስ መሄዱን ትቶ በአቋራጭ ወደ ኤሲው አፍ ይመለሳል። ራሱ የጠመቀውን ጠላ እንግዳ ሳይቀምሰው ራሱ ጠጥቶ የሚሰክር ጠማቂ ኖሯል አናታችን ላይ የተቀመጠው።

ስካሩ ደግሞ ይህን ይመስላል። ቀድሞ የቀዘቀዘ አየር እንደገና ሲያልፍበት ኢቫፖሬተሩ፣ ማለትም አየር የሚያቀዘቅዘው ባለ ቀጫጭን ክንፍ ቧንቧ፣ ከልኩ በላይ ይበርዳል። በረዶ ሊጋግር ሲል ከላዩ የተሰካች ትንሽ ሴንሰር ኮምፕሬሰሩን ታጠፋዋለች። ፋኑ እየነፋ ሲያሞቀው መልሳ ትለቀዋለች። ሌላ እጅ አለበት ያልኳችሁ የዚህችን እጅ ነው። ምስኪን፣ ጥፋት የለባትም፤ ከመላው ቤተሰብ ሥራውን በትክክል ሲሠራ የዋለው እሷ ብቻ ናት።

ምርመራው ያለቀ መስሎን ነበር። ጋሼ ግን አየሩ የሚሄድበትን መንገድ በእጃቸው እየዳሰሱ ወደ መኝታ ቤቱ ዘለቁ። ከአማቴ አልጋ በላይ ያለው ክብ የአየር መውጫ ካልሲ ተወትፎበታል። ከሶፋው በላይ ባለው ፌስታል። የመተላለፊያው ደግሞ በነጠላ ጥለት ተጠቅጥቋል፤ ሥራው ንጹሕ ነው፣ የሚያውቅ እጅ ያረፈበት። አማቴ ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ወራቸው ነበር። አላፈሩም፣ አልተሸማቀቁም።

«እና ብርድ ይምታኝ?» አሉ።

«እማማ፣ ውጭው እኮ እሳት ነው፤ ሙቀቱ ሊጨርሰን ነው» አልኩ።

«ሙቀት ማንን ገደለ ልጄ? ሰው የሚቀጨው በነፋስ ነው። ያውም ከአናት በሚመጣ!»

በጠራራ ፀሐይ ወደ አዳማ በሚወርድ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ለመክፈት የሞከረ ሰው ይህ ክርክር አሸናፊው አስቀድሞ የታወቀ መሆኑን አይስተውም። ከሕክምና አንጻር አማቴን የሚደግፍ ላይገኝ ይችላል። ከማሽኑ አንጻር ግን ጉዳቱ ግልጽ ነው፦ መውጫው ሲደፈን አየሩ መሄጃ ያጣል፤ መሄጃ ያጣ አየር ያገኘውን ክፍተት እየገፋ ይመለሳል። ካልሲውና የደረቀው ፕላስተር ሳይተዋወቁ ተባባሪዎች ነበሩ። ሽምግልና ተቀመጥን። ካልሲው እንዲነሣ፣ ክቡ መውጫ ወደ ግድግዳው እንዲዞር፣ አማቴም ጋቢ ለብሰው እንዲተኙ ተስማማን። በቴክሳስ ኦገስት ጋቢ የለበሰ ሰው አይቻለሁ።

ጥገናው ራሱ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ክፍተቱን በጠንካራ ስፖንጅ መሙላት፣ ጠርዙን ከአቧራ መጥረግ፣ በአሉሚኒየም ፕላስተር ማሸግ። ግራጫው የጨርቅ ፕላስተር አይሆንም፤ መጀመሪያ የደረቀውም እሱ ነው። የዕቃው ጠቅላላ ዋጋ ከ20 ዶላር በታች ነው። በዚያው ሳጥኗን ከጣሪያው ጋር የሚያያይዙትን አራት ብሎኖች ጋሼ አዩዋቸው፤ ሲላሉ ከሥር ያለው ጋስኬት ውሃና አየር ያስገባል፣ ከልክ በላይ ሲጠብቁም ይጨፈለቃል።

ገመዱ ተሰካ። «ጓ!» አለ። «ተመስገን» ለማለት የደፈረ አልነበረም። ኮምፕሬሰሩ ሠራ፣ አሁንም ሠራ፤ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሠርቶ ክፍሉን ወደ 75 አወረደው። ከቅዝቃዜው ይልቅ የገረመኝ ድርቀቱ ነው። ቀደም ሲል አንሶላው እርጥብ፣ ዳቦው ለስላሳ፣ ግድግዳው ላብ ነበረበት። ኤሲ እርጥበት ከአየር ለማውጣት ረዘም ላለ ጊዜ ሳይቋረጥ መሥራት አለበት፤ እየበራ እየጠፋ የሚውል ኤሲ ቢያቀዘቅዝ እንኳ አያደርቅም። ዊሊስ ካሪየር በ1902 የመጀመሪያውን ዘመናዊ ኤሲ የነደፈውም ለሰው ተጨንቆ አልነበረም። ብሩክሊን ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት በእርጥበት ምክንያት ወረቀቱ እየሰፋ እየጠበበ ቀለሙ አልገጥም ብሎት ስለተቸገረ ነው። ሰው ወረቀቱን ተከትሎ ነው የቀዘቀዘው።

ባለ ታክሲው ስለ ውጤቱ ተነገረው። «ጥሩ፤ ለማንኛውም በሚቀጥለው ጋዙን አስሞሉት» አለ።

ያልተፈታ አንድ ጉዳይ ቀርቷል፤ እሱንም የምነግራችሁ ለጥንቃቄ ነው። ማታ አማቴ «ልጆቼ የከረመ እንጀራ አይበሉም» ብለው ከዳላስ በሻንጣ ያመጡትን የኤሌክትሪክ ምጣድ ሰኩ። የእኛ ተጎታች ገመድ 30 አምፒር ነው፤ በ120 ቮልት 3,600 ዋት ማለት ነው፣ ከዚያ በላይ አንዲት ዋት የለም። ኤሲው 13 አምፒር ይበላል፣ 1,500 ዋት የሚጠጋ ምጣድ 12 ከግማሽ ይበላል፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የውሃ ማሞቂያ ሌላ 12። ሒሳብ መመዝገብ ሙያዬ ነውና ደመርኩት፤ ድምሩን ጮክ ብዬ ሳልናገር ብሬከሩ ወረደ። ቤቱ ጨለመ፣ ኤሲው ቆመ፣ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ምጣዱ ላይ ቀረ። ተጎታች ቤት ያላችሁም ልትገዙ ያሰባችሁም ወገኖች፣ እባካችሁ እንጀራችሁን ቤታችሁ ጋግራችሁ ኑ።