«ዘመድህ ነው?» ላላችሁኝ

ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠ ያረፈ ጊዜ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ብታዩኝ «ዘመድህ ነው?» አላችሁኝ። ከስንቱ ዘመዴ ይልቅ አብሮኝ ያመሸው እሱ ነው! ልጅ ሳለሁ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ሬዲዮ ከተከፈተ ጥላሁን አይቀርም። ዘመዶቼን ግን ስንቱ አቦል አምልጧቸዋል።

«ሰውዬው ሚዛንን የት ያውቃታል?» ቡናችንን የሚጠጣው ሁሉስ የት ያውቃታል? ደግሞም ያደገው ወሊሶ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ወደኛ የሚመጣ ሁሉ ወሊሶን ያልፋል። መንገዴ ላይ ላደገ ሰው ካላለቀስኩ ለማን ላልቅስ?

«በቤንችኛ መቼ ዘፈነልህ?» በአማርኛና በኦሮምኛ ዘፈነ፤ በበበቃና በቴፒ እርሻዎች ቡና ሊለቅም ከየአገሩ የመጣው ሰው ግን ቋንቋው ለየቅል ሆኖ ዜማው አንድ ነበር።

«በፋሲካ ይለቀሳል?» ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በዕለተ ፋሲካ ነው። ቀኑን እኔ አልመረጥኩት! የበዓሉ ዶሮ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ለአዝማሪ ይህ ሁሉ?» አዎ፣ ይህ ሁሉ! ዘፈን እንደ ውርደት በሚቆጠርበት ዘመን ከወሊሶ ተነስቶ ሀገር ፍቅር ቴአትር ገባ፤ ከዚያም የክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል። ክቡር ዘበኛ የሞከረው የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ እሱም ታሰረ፤ ተፈትቶ መልሶ ዘፈነ። በኋላ ስኳር በሽታ እግሩን አስቆረጠው። መድረክ ላይ ደግሞ እያነባ ይዘፍን እንደነበር ያየው ሁሉ ያውቃል። «ዋይ ዋይ ሲሉ»ን ለተራቡ ወገኖቹ ነው የዘፈነው። እሱ ለማያውቀው ረሃብተኛ ካነባ፣ የማያውቀኝ ሰው ሲሞት እኔ ባነባ ምኑ ነው የገረማችሁ? ብድር መመለስ ነው እንጂ! ሚያዝያ 15 ቀን ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በመንግሥት ሥርዓት ሲቀበር አገሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። ያ ሁሉ ሕዝብ የሥጋ ዘመዱ ነበር?

«ካሴቱ አለ፤ ምን ጎደለብህ?» የእናትህ ፎቶ ግድግዳህ ላይ አለ፤ እሷን ማልቀስ ተውክ? ካሴቱ ያለውን ይደግማል፤ አዲስ ዘፈን ግን አይወልድም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ «ቀጥሎ ምን ይለን ይሆን?» እያልኩ የምጠብቅ ሰው ነበርኩ፤ የሞተብኝ መጠበቄ ጭምር ነው።

«በቃ፣ እርምህን አውጣ!» አውጥቻለሁ። «ድምፁን ቀንሰው» ያልከኝ ቀን ግን እንጣላለን።